ቤቱ ባለበት ሲሸጥ

በከተማችን የቤት ሽያጭ ውል በተጻፈ ቍጥር ሳይጻፍ የማይቀር አንድ ቃል አለ። እርሱም «ቤቱን ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው የገዥው ቃል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ውል ጸሐፊው ከልማድ የተነሣ ሳያስብበት ይጽፈዋል፤ ሻጭና ገዥም ሳያስቡበት ይፈርሙበታል። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ይህ አጭር ቃል ብዙ ነገር ተሸክሞ ይገኛል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ፥ ጣራው ቢያፈስ፥ ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ ቢገኝ፥ ገዥው «አላየሁም ነበር» ብሎ ወደ ሻጩ እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋበታል። ሻጩም በበኩሉ ቤቱን ሳያድስ፥ ኖራ ሳይቀባ፥ ለመጣው ሁሉ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ሳይሰነብት፥ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሄዳል።

እንደዚህ ያለውን ሽያጭ የሚሻው ማን ነው? ጊዜ ያለው ሰው አይሻውም። ጊዜ ያለው ሰው ቤቱን ለመሸጥ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ጣራውን ይጠግናል፤ ግድግዳውን ያስለስናል፤ ለሦስትና ለአራት ደላሎች ይነግራል፤ የመጀመሪያው ገዥ የሰጠውን ዋጋ ሰምቶ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይመልሰዋል፤ ገዥው ከባንክ ብድር እስኪፈቀድለት ድረስ ሁለትና ሦስት ወር ቢጠብቅም አይጎዳም። ባለበት ሁኔታ፥ በቅርብ ለሚያውቀው ሰው፥ እጅ በእጅ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠው ግን ቀን የጎደለው ሰው ነው፤ በሽተኛ የተኛበት፥ ዕዳ የተጠየቀ፥ ትዳሩ የፈረሰበት፥ የውርስ ድርሻውን ይዞ በቶሎ ሊሄድ የተነሣ ሰው ነው። ገዥውም አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። በዚያው ሰፈር የሚኖር፥ የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ፥ የሻጩንም ችግር ከሌላው ሰው ቀድሞ የሰማ ነው። ያገራችን ሰው «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ሲል የሻጩን ነገር ተናግሮአል፤ ስለ ገዥው የተተረተ ተረት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ቤቱን ባለበት ሁኔታ ሊሸጥ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ራሱንስ ባለበት ሁኔታ ሊሸጥ ይችላልን? ይኸውም፥ ገዥው «አይቼና ወድጄ ገዛሁ» ሲል ያየው ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ ነው፥ ወይስ የሻጩን መቸኰል ጭምር ነው? መቸኰሉን አይቶ እንደ ሆነስ፥ ያየውን በዋጋው ውስጥ ማስገባት ይገባዋልን? ጥያቄውን የምናነሣው ከሩቅ ቆመን አይደለም። እኛ ራሳችን በ2010 ዓ.ም. እንደዚህ ያለ ቤት ገዝተን እስከ ዛሬ የምንኖርበት ስለ ሆንን፥ አንባብያን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ሆነን እንደምንጽፍ ቢቈጥሩልን እንወዳለን። «እኛ» ማለታችንም ለጽሑፍ ልማድ ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ከባለቤታችን ጋር ስላዋጣን ጥፋት ካለ የሁለታችን ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በታች በሚገኘው ሐሳብ ሁሉ እንደማትስማማ እንድንጽፍላት ጠይቃናለችና ይኸው ጽፈንላታል።

የምንሠራበት ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የምትገኝ መካከለኛ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ስንኖር፥ ከአጥራችን ማዶ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ጎረቤታችን ነበሩ። «እማማ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በዓል በመጣ ቍጥር ቡናቸውን ጠጥተናል፤ ባለቤታችን በወለደች ጊዜም ገንፎውን ያገነፉት እርሳቸው ናቸው። አንድ ልጃቸው በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ ሊቢያ ተጓዘ። በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለላቸው። ልጃቸውን የያዙት ሰዎች እያስጮኹ ድምፁን አሰምተዋቸው ገንዘቡን በዐሥር ቀን ውስጥ እንዲልኩ ነገሩአቸው። በዚያ መንገድ ልጁን ልኮ እንዲህ ያለ ስልክ የመጣበት ወላጅ በአገራችን ጥቂት ስላልሆነ ነገሩን ማስረዘም አያሻም።

እማማ ወደ እኛ የመጡት በማግሥቱ ነው። ዕቁብ እንደ ደረሰን ያውቁ ነበር። የዕቁቡ ገንዘብ ባለቤታችን ከቍጠባና ብድር ማኅበር ከነበራት ጋር ሲደመር 215 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። እርሳቸውም ቆመው፥ ሳይቀመጡ፥ «ቤቴን ግዙኝ። እንዳለ ነው፤ አንድም ነገር አልነካካውም። ሁለት መቶ ዐሥር ሺህ ስጡኝና ውሰዱት» አሉን። አስበን እንነግርዎታለን ብለን ሸኘናቸው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የምናውቀውን አንድ ደላላ መንገድ ላይ አግኝተን፥ የማን እንደ ሆነ ሳንነግረው እንዲህ ያለ ቤት በዚህ ሰፈር ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅነው። እርሱም የማን ቤት እንደ ሆነ ወዲያው ስለ ገባው፥ «ሁለት ወር ቢታገሡ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ያወጣል» ሲል መለሰልን።

ይህን ለእማማ አልነገርናቸውም። አልዋሸናቸውም፤ ቤታቸውን አላናናቅንባቸውም፤ ዋጋ ይቀንሱልን ብለንም አልተከራከርንም። የጠየቁትን አንድ ብር ሳናጎድል ሰጠን። በአራተኛው ቀን ውሉ ተጻፈ፤ «አይቼና ወድጄ» የሚለው ቃል በቦታው ገባ፤ ምስክሮች ፈረሙ፤ ውሉም በሚገባው ቦታ ቀርቦ ተረጋገጠ። የሰፈሩ ሰው «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፥ ደረሳችሁላቸው» እያለ መረቀን፤ እኛም ምርቃቱን «አሜን» ብለን ተቀበልን። ልጁ ከብዙ ስቃይ በኋላ ተለቆ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። እማማም እኅታቸው በሰጡአቸው አንድ ክፍል ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

በዚህ ላይ እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር ብንጨምር አያስቀይምም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ከደነገገ በኋላ፥ በውላችን ላይ ተሸጠ ተብሎ የሚጻፈው ጭቃው፥ እንጨቱና ቆርቆሮው ነው። ጭቃውና እንጨቱ ብቻውን ተገምቶ ቢሆን ኖሮ የእማማ ቤት የጠየቁትን እኩሌታ እንኳ እንደማያወጣ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ገና ከመነሻው ስለ አንድ ነገር እየተናገረ የሚከፈለው ዋጋ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ለውል ጸሐፊዎች ትተነው እንለፍ።

ቤቱን የገዛነው በጥር ነበር አልን። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ በጥር ወር የማይወደድ ቤት የለም። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ሌሊት የመጣ ዝናብ በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ሰርጎ ገብቶ፥ ስንነሣ የጤፉ ከረጢት ከታች ርሶ፥ ግድግዳውም እስከ ጕልበት ድረስ ጠቍሮ አገኘነው። ከላይ ያለው ግቢ የውሃውን ቦይ ወደ እኛ መልሶታል። ለጎረቤት ብንነግር፥ «እማማ በየክረምቱ ዶማ ይዘው ከጓሮ ቦይ ሲቈፍሩ ያድሩ ነበር፤ አልነገሩአችሁም?» አለን። በቀጣዩ በጋ በድንጋይ ግንብ ውሃውን ለማስመለስ 38 ሺህ ብር ፈጀን።

በመጀመሪያ ተቈጣን። ኋላ ግን፥ እውነቱን እንድንናገር ከተፈቀደልን፥ ከቍጣችን በታች አንድ ዐይነት ደስታ ተሰማን። እኛ የዋጋውን ነገር ደብቀናቸው እንደ ሆነ እርሳቸውም የውሃውን ነገር ደብቀውናል፤ ሒሳቡ ተዘጋ አልን። በዚህ አሳብ ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ተኛን።

ሰላማችንን ያወከው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል ይህንኑ የእኛን ጕዳይ አንሥቶት እናገኛለን። አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል፤ ቤቱ ለጤና የማይስማማ፥ በየክፍሉ እባብ የሚታይበት፥ እንጨቱም የበሰበሰ መሆኑን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለገዥው ሳይነግር ቢሸጠው በደለ ወይስ አልበደለም? በዚህ ነገር ሁለት ፈላስፎች፥ የባቢሎኑ ዲዮጋንስና ደቀ መዝሙሩ የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ተከራክረውበታል። ዲዮጋንስ አለመናገርና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል፤ «ያማረ ቤት፥ በደንብ የተሠራ» ብለው የሚያስነግሩ ሰዎች አታላይ ካልተባሉ፥ ያላመሰገነውማ እንዴት አታላይ ይባላል? ገዥው ዐይን አለው፤ ማንም አላስገደደውም። አንቲጳጥሮስ ግን መንገድ ለጠፋው ሰው መንገዱን አለማሳየት በአቴና ከተማ በአደባባይ እንደሚያስረግም አስታውሶ፥ እያወቁ ሌላውን ሲስት ዝም ብሎ ማየት ከዚያ የከፋ ነው ይላል። ሲሴሮም ፍርዱን ለአንቲጳጥሮስ ሰጠ።

እስከዚህ ድረስ ስናነብ እማማን ከሰስንና ረታን። ነገር ግን ገጹን ስንገልጥ ሌላ ታሪክ ገጠመን። ስካይቮላ የሚባል የታወቀ የሕግ ዐዋቂ አንድ የእርሻ ቦታ ሊገዛ ሽቶ ሻጩን የመጨረሻ ዋጋህን ንገረኝ ይለዋል። ሻጩም ይነግረዋል። ስካይቮላ ግን «ቦታው ከዚህ የበለጠ ያወጣል» ብሎ በሻጩ ዋጋ ላይ መቶ ሺህ የሮማ ብር ጨምሮ ከፈለው። ሲሴሮ ይህን ካወራ በኋላ፥ የደግ ሰው ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የብልህ ሰው ሥራ መሆኑን ግን ይጠራጠራሉ ይላል። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ይህን አንብበን ፈገግ ብለን እናልፈው ነበር። ያነበብነው ግን በእማማ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነበር።

ሕግ ግዴታውን በሻጩ ላይ የሚጥለው ስለ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው ሻጩ ነው። የእኛም ሕግ ቢሆን፥ ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በውል ሊቀንሱት እንደሚችሉ ከፈቀደ በኋላ፥ ሻጩ ጕድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ ያ የውል ቃል አይጠቅመውም ይላል። «ባለበት ሁኔታ» ማለት እንግዲህ ሁለቱም ሊያዩት የሚችሉትን ነገር ይሸፍናል እንጂ አንዱ ብቻ የሚያውቀውን አይሸፍንም። ለዚህ አስቂኝ ሆኖ እውነተኛ የሆነ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ፍርድ ቤት በናያክ ከተማ ያለ ቤት መናፍስት አሉበት ተብሎ ስለ ተነሣ ክርክር ፈርዶአል። ባለቤቲቱ የመናፍስቱን ወሬ ቀደም ብላ በጋዜጣና በመጽሔት አስወጥታ ስለ ነበር የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ገዥው ግን ከትልቁ ከተማ የመጣ ስለ ሆነ አልሰማም፤ ቤቱን በ650,000 ዶላር ለመግዛት 32,500 ዶላር ቀብድ ከፍሎአል። ፍርድ ቤቱም ሴትዮዋ በአደባባይ ያወራችውን መልሳ ልትክድ አትችልም፤ ቤቱ በሕግ ዐይን መናፍስት ያሉበት ነው፤ «ባለበት» የሚለው የውሉ ቃልም ስለ ግድግዳና ስለ ጣራ እንጂ ስለ መናፍስት አይናገርም ብሎ ገዥው ከውሉ እንዲወጣ ፈቀደለት። ገዥው የሰፈሩ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን ያውቅ ነበርና ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

የሰፈር ገዥን ነገር የሚያከብደውም ይኸው ነው። በእኛና በእማማ መካከል በተደረገው ዐይነት ሽያጭ ዕውቀቱ የተከፋፈለ ነው። ስለ ውሃው የሚያውቁት ሻጯ ናቸው፤ ስለ ዋጋውና ስለ ሻጯ መቸኰል የሚያውቀው ገዥው ነው። ሕግ የሻጩን ምስጢር ሲመረምር የገዥውን ምስጢር አይመረምርም።

በአሜሪካ አገር ደግሞ ይህ ነገር ከጎረቤትነት ወጥቶ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖአል። «ቤት በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን፤ ባለበት ሁኔታ» የሚሉ ጽሑፎች በመንገድ ዳር ምሰሶዎች ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። በነጋዴዎቹም ዘንድ የታወቀ የሒሳብ ልማድ አለ፤ ቤቱ ከታደሰ በኋላ የሚያወጣውን ዋጋ ገምቶ፥ ከመቶው ሰባውን እጅ ወስዶ፥ ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ መቀነስ ነው። ታድሶ 300 ሺህ ዶላር ለሚያወጣና 40 ሺህ ዶላር እድሳት ለሚፈልግ ቤት 170 ሺህ ይሰጣሉ ማለት ነው። የቀረው የድካማቸው፥ የኪሳራ ሥጋታቸውና የትርፋቸው ነው። ለጥድፊያ ሻጭ የሚጠቅም ንግድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የፊላደልፊያ ከተማ ከእነዚህ ነጋዴዎች መካከል ውሉን ገዝተው ለሌላ የሚያሻግሩት ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ ማውጣቱን ስንመለከት፥ የቤቱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ሳይገባቸው የፈረሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጥቂት እንዳልነበሩ እንረዳለን። እኛ የእማማን ቤት የገዛንበት ዋጋ ደላላው ከነገረን ከመቶው ሰባ አምስት እጅ ነው። ሳናውቀው የነጋዴዎቹን ሒሳብ ተጠግተናል።

ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ ረቂቁንም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በአገራችን የሽያጭ ውሎች መጨረሻ ላይ በቍጥር ሲጠራ እናገኘዋለን። ሁልጊዜ የሚጠራው ቍጥር 1731 ነው፤ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ ይጸናል ይላል። በመዝገብ ቤት ሥራችን ብዙ ውል በእጃችን አልፎአል፤ ቍጥር 1710 የተጠቀሰበት ውል ግን አይተን አናውቅም። ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ይናገራል። በመጀመሪያ፥ አንደኛው ወገን ከሌላው ይልቅ እጅግ ተጠቅሞአል ማለት ብቻውን ውልን አያፈርስም ይላል። ቀጥሎ ግን የተጎዳው ሰው ውሉን የተቀበለው በችግሩ፥ በየዋህነቱ፥ በእርጅናው ወይም ንግድ ባለማወቁ ሌላው ስለ ተጠቀመበት እንደ ሆነ፥ ነገሩም ለኅሊና የሚከብድ ሲሆን፥ ፍትሕ በሚያስፈልግበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል ይላል። ሕጉ መለኪያውን በቍጥር አልወሰነውም። የሮማ ነገሥታት ሕግ ግን መሬቱን ከተገቢው ዋጋ እኩሌታ በታች የሸጠ ሰው እንዲካስ ፈቅዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረቱን ሲሸጥ ከዐሥራ ሁለት እጅ ሰባቱ የሚበልጥ የተጎዳ ሻጭ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅዳል። እማማ ከአራት እጅ ሦስቱን ተቀብለዋል። እንግዲህ በሮማም፥ በፓሪስም፥ በአዲስ አበባም ብንከሰስ የምንረታ ይመስለናል፤ ይህን ማወቃችን ግን እንዳሰብነው አላሳረፈንም።

ራሳችንን ለመከላከል የምናቀርበው ክርክር ሦስት ነው። እኛ ባንገዛው ሌላ ሰው ከዚህ ባነሰ ይገዛው ነበር የሚለው አንዱ ነው፤ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ክርክር የማይጸድቅ ሰው ስለማይኖር እንተወዋለን። ዋጋውን ራሳቸው ጠሩት የሚለው ሁለተኛው ነው፤ ስካይቮላም ዋጋውን የጠራለት ሻጩ ነበር። የባለቤታችን ክርክር ሦስተኛው ነው፤ ይህኛው ይከብዳል። ገንዘብን በአራት ቀን ማቅረብ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎት ደግሞ ዋጋ አለው ትላለች። በዕውነትም አለው። ግን ስንት ነው? ተቀምጠን አሰላነው። 210 ሺህ ብር በዓመት በመቶ 15 ወለድ ቢታሰብበት የሁለት ወሩ 5,250 ብር ነው። እኛ ግን ለሁለት ወር ፈጠን ማለታችን 70 ሺህ ብር ተቀበልን ማለት ነው። ባለቤታችን ቀጠለች፤ ውሃ የሚገባበት መሆኑ ቢታወቅ ቤቱ 280 ሺህ ባላወጣ ነበር፤ የግንቡ 38 ሺህ ይቀነስ አለች። ተቀነሰ፤ 32 ሺህ ቀረ። የወለዱም ሲቀነስ 26,750 ሆነ። ገዥ ሊጠፋ ይችል ነበር፥ ለዚያ ሥጋትም የሚገባው አለ አለች። ለዚህ ቍጥር ልናገኝለት አልቻልንም። ከዚያም በ2010 ዓ.ም. የነበረ ብርና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚተመነው ብር አንድ ስላልሆኑ፥ ዛሬ የሚከፈል ቢኖር ስንት እንደሚሆን ስንከራከር መብራት ጠፋና ተኛን።

በዚያ ሌሊት ግን የገባን ነገር አለ። ልንሰጣቸው የሚገባን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ደላላው ያለንን በማግሥቱ ነግረናቸው፥ ፈልገው ቢሸጡልን ያለ ነውር በገዛነው ነበር። ወይም ገንዘቡን በቀብድ ስም ሰጥተን፥ በሁለት ወር ውስጥ የሚበልጥ ገዥ ቢገኝ የእኛን መልሰው ትርፉን እንዲወስዱ፥ ባይገኝ ቤቱ የእኛ እንዲሆን ልንስማማ እንችል ነበር። ይህን ለማድረግ ሕግ አይከለክለንም፤ ገንዘቡም ያው ገንዘብ ነው። ያላሰብነውም ስለማይታሰብ አይደለም። ቤቱን ስለ ፈለግነው ነው። «አይቼና ወድጄ» ስንል የወደድነው ቤቱን ነው፤ ያየነው ግን ሴትዮዋ ሳይቀመጡ ቆመው መናገራቸውን ነበር።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል 50 ሺህ ብር በፖስታ አድርገን ወደ እማማ ዘንድ ሄድን። ሒሳቡን ያገኘነው ከየት እንደ ሆነ አንባቢ አይጠይቀን፤ ሁለታችን የተስማማንበት ቍጥር እርሱ ብቻ ነበር። ዶሮውን በልተን ቡናው ሲፈላ፥ «እማማ፥ ያን ጊዜ ቤቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ያወጣ ነበር። ደላላው ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን አልነገርንዎትም» አልናቸው።

እርሳቸውም ጀበናውን ሳያስቀምጡ፥ «አውቅ ነበር ልጄ። ለእኔም ነግሮኛል» አሉ። «ዋጋውንስ መች አጣሁት፤ ያጣሁት ቀኑን ነው እንጂ።»

ስለ ማወቅና ስለ አለማወቅ እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ከንቱ ድካም መሰለን። የሚያውቁትን ነገር ደብቀናቸው ኖረናል። እኛ ምን እንደምንል ስንፈልግ እርሳቸው ሁለተኛውን ቡና ቀዱና፥ «የጓሮውን ውሃስ አገኛችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። ግንብ እንዳሠራንለት ነገርናቸው። «ብነግራችሁ ትተዉታላችሁ ብዬ ፈራሁ። ልጄ በሰው እጅ ነበረ» አሉ። ዐይናችንን ግን አላዩም።

ፖስታውን አቀረብንላቸው። ምን እንደ ሆነ ከነገርናቸው በኋላ ከፍተው ቀስ ብለው ቈጠሩት። «ግንቡ ስንት ፈጀባችሁ?» አሉ። ሠላሳ ስምንት ሺህ አልናቸው። ሃያውን ሺህ ለይተው፥ «ይህ የግንቡ ነው» ብለው ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። እኛም አንቀበልም ብለን መለስነው፤ እርሳቸውም እንደገና መለሱት። ባለቤታችን ወደ እኛ ተመለከተች፤ እኛም ወደ እርሷ ተመለከትን። ገንዘቡ ከስኒዎቹ አጠገብ በረከቦቱ ላይ እንዳለ ልጃቸው ከውጭ ገባ፤ ሰላምታ ሰጥቶን ተቀመጠና ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ጠየቀ።